የአያቴን አገር ልፈልግ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ አምና አረፈ። የማውቀው የአያቴን ስምና «መንዝ፣ ላሎ ምድር» የምትለዋን ብቻ ነው። እዚያ ሄጄ የዘር ሐረጋችንን መጻፍ እፈልጋለሁ። የትኛው መሥሪያ ቤት ልሂድ? የዲኤንኤ ምርመራስ ይረዳኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። መሥሪያ ቤቱን ተይው። የልደትና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። አያትሽ እዚያ ውስጥ የሉም።

መንዝ ስትገቢ ስለ ዘር አትጠይቂ፤ ስለ መሬት ጠይቂ። ድሮ ርስት የሚገኘው ትውልድ ተቆጥሮ ነው። የመንዝ ክፍሎች የሚጠሩባቸው ማማ፣ ላሎና ጌራ ራሳቸው ምድሩን ያቀኑ አባቶች ስም ናቸው ይባላል። ድርሻ የሚፈልግ ሰው ከራሱ ጀምሮ እስከ አቅኚው አባት ስም በስም መቁጠር ነበረበት። አባቴ ርስት ሲከራከሩ ስንቃቸውን ይዤ እከተል ነበር። የእኛን የልጆቻቸውን ስም እያቀያየሩ የሚጠሩ ሰውዬ፣ ዳኛ ፊት ሲቆሙ ቅድመ አያቶቻቸውን ያለ ትንፋሽ ያወርዷቸው ነበር!

የ1967ቱ አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሲያደርገው ቆጠራውም ሥራ ፈታ። ያኔ ችሎት የቆመ ሰው ዛሬ ሰባን አልፏል። ወጣቱን ብትጠይቂው «እሱን አባባ ነበሩ የሚያውቁት» ብሎሽ ያልፋል። ስለዚህ ሽማግሌ ፈልጊና «ይሄ ማሳ ድሮ የማን ነበር? ከማን ጋር ይዋሰን ነበር?» በይ። ስሙ እየተከታተለ ይመጣል። ርስት በእናትም በአባትም ይወረስ ስለነበር የሴት አያትሽንም ወገን እንዳትረሺ።

ታዲያ ገና ቁጭ ከማለትሽ «መሬት ፈልጌ አልመጣሁም» በይ። ከአሜሪካ የመጣች የልጅ ልጅ ማስታወሻ አውጥታ ስለ ማሳ ስትጠይቅ፣ የይዞታ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ የቆለፈው ዘመድሽ ምን ያስባል? እኔም ብሆን ቡናዬን አጠጥቼ በጊዜ እሸኝሽ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብለሽ ተጫወቺ። ማስታወሻው ይደርሳል።

ከመነሣትሽ በፊት ደግሞ የአያትሽን የክርስትና ስም ከአክስቶችሽ አጣሪ። ፍትሐቱም ተዝካሩም በዚያ ስም ነው። በዓለም ስማቸው ብቻ ብትጠይቂ የደብሩ ካህናት ላያውቋቸው ይችላሉ።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት አካባቢው ካለ ሰው ጋር በስልክ ተነጋገሪ። ካልሆነ አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ካሉ የመንዝ ሽማግሌዎች ጀምሪ፤ ብዙ ናቸው፣ ጨዋታም ይወዳሉ። ከሄድሽ ግን ወፍራም ልብስ ያዢ። የመንዝ ከተማ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ናት። ሌሊቱ ያለ ባና አይገፋም።

ዲኤንኤው? ዘመድ ብሎ የሚያወጣልሽ ቀድሞ የተመረመረን ሰው ብቻ ነው። የላሎ ገበሬ ምራቁን በፖስታ ልኮ የሚያውቅ አይመስለኝም። በዚያ ገንዘብ ለሽማግሌዎቹ ጋቢ ግዢበት።