መልስ፦ የቀይ ቀበሮና የአይጦች ብዛት እንዴት ይታወቃል?

ሰላም ለእርስዎ። «የባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ ወይስ ይገመታሉ?» ብለው ለጠየቁት፣ መልሱ ሁለቱም ነው። ቀይ ቀበሮ በቀን የሚያድን፣ በመንጋ የሚኖርና ክልሉን የሚያስከብር እንስሳ በመሆኑ፣ ተመራማሪዎች እንደ ሳነቴ ባለው ገላጣ አምባ ላይ የተመረጡ መንጋዎችን ለዓመታት እየተከታተሉ አባላቱን አንድ በአንድ ይለያሉ፤ የቀሩት ብዛት ግን ይገመታል። የእብድ ውሻ በሽታ በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. ያደረሰው እልቂት በግልጽ ሊታወቅ የቻለውም እንዲህ ያለ ክትትል ስለነበረ ነው።

ቀበሮው የሚመገባቸውን አይጦች ግን ቆጥሮ መጨረስ ስለማይቻል፣ በወጥመድ ተይዘው ምልክት ይደረግባቸውና ይለቀቃሉ። ለምሳሌ 100 አይጦች ምልክት ተደርጎባቸው ቢለቀቁና በሁለተኛው ዙር ከተያዙት 80 መካከል ምልክት ያለባቸው 20 ቢሆኑ፣ 100 በ80 ተባዝቶ ለ20 ሲካፈል ግምቱ 400 ይሆናል።

ከስሌቱ ይልቅ አጥብቀው እንዲመረምሩ የምመክርዎ ቅድመ ሁኔታዎቹን ነው። በሁለቱ ዙሮች መካከል ሞት፣ ልደትና ፍልሰት ቁጥሩን ብዙ መለወጥ የለባቸውም፤ ምልክቱም መጥፋት የለበትም። በተለይ አንዴ የተያዘች አይጥ ወጥመዱን መሸሽ ከጀመረች፣ በሁለተኛው ዙር ምልክት ያላቸው ጥቂት ሆነው ስለሚገኙ ግምቱ ከእውነተኛው ብዛት በላይ ያሻቅባል፤ የወጥመዱን ምግብ ለምዳ ከተመላለሰች ደግሞ ያንሳል።