ቆጥ ያለው አፓርታማ ልግዛ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጂማ ሂርማታ ቡና ነጋዴ ነኝ። የመጨረሻ ፎቅ ላይ ያለ፣ ከላይ የመኝታ ቆጥ የተሠራለት አፓርታማ አገኘሁ። ባለቤቴ ወዳዋለች። ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ ግን ጉልበቷን ያማታል። ደላላው ቶሎ ወስን ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ደላላ መቼ «ቀስ በል» ብሎ ያውቃል? የጂማን ዝናብ ላንተ አልነግርህም። ሲጥል ሄደህ ቆጡ ላይ ተቀመጥ። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒስ ከሌለው መነጋገር አትችሉም። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ የቤቱ ሙቀት በሙሉ እዚያ ይሰበሰባል። ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበትን ጥግ በእጅህ ዳስስ፤ አዲስ ቀለም እርጥበት ይደብቃል። ቀና ብለህ መቆም ካልቻልክ ቆጡ የዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ እንደ ክፍል በካሬ እንዳትከፍልበት።

ጎረቤቶችን ስለ ውሃ ጠይቅ፤ ላይኛው ፎቅ ያለ ፓምፕ ብዙ ጊዜ ይቸገራል። በጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ጣሪያው የጋራ ነው። ሲያፈስ ማን ያሠራዋል? የሕንፃውን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጠይቅ።

እኔ ብሆን ሊፍት ከሌለው አልገዛውም። እናትህ ደረጃ መውረድ ካቃታት ቡና የምትጠጣው ከማን ጋር ነው? ሚስትህ ይቅር በሚለው ካልተስማማች ግን ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ካርታው ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ ቆጡም በጸደቀው ፕላን ላይ መኖሩን አጣራ። ለቡና መግዣ የያዝከውን ብር አትንካ።