ጫካ አድረን ጥበብ ልናይ ነው፤ ምን እንያዝ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥር ሲመጣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ይበዛል። እህሉ ተወቅቶ፣ ጥምቀት አልፎ ሰው ፋታ ሲያገኝ ሙዚቀኛው፣ ሠዓሊውና ተዋናዩ ከአዳራሽ ወጥተው ሁለት ሦስት ሌሊት በድንኳን እያደሩ ሥራቸውን ለማሳየት ያስባሉ። በእንዲህ ያለው ሰፈር ትኬት ቆራጭ የለም፣ ምግብ አቅራቢ የለም፣ ደመወዝተኛ ዘበኛም የለም፤ ሁሉን የሚሠራው የመጣው ሰው ነው። ዛሬ የምንመልሰው በሰሜን ሸዋ ባለው በወፍ ዋሻ ደን ዙሪያ፣ በደብረ ሲናም ይሁን በአንኮበር በኩል፣ ለማደር ላሰቡ ጠያቂዎች ነው። አብዛኛው ሰው የጠየቀው ስለ ብርድ በመሆኑ መልሳችንም ወደዚያው ያደላል።

የምመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ ብርድ አልፈራም። አንድ ወፍራም ጃኬትና ሁለት ብርድ ልብስ ይበቃኛል?

አይበቃዎትም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። በዚያ ላይ በጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚይዝላት ደመና ስለሌለ ሌሊቱን ለቅቃው ታድራለች። ብርዱ የሚጠናውም እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ሊነጋ ሲል፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነው። ሣሩ ላይ ውርጭ ቢያዩ አይገረሙ።

ሰው የሚሳሳተው ግን በብርድ ልብሱ ቁጥር አይደለም፤ ሁሉንም ከላይ መደረቡ ላይ ነው። ከሥርዎ ያለው ልብስ በክብደትዎ ስለሚጨፈለቅ አየር አይይዝም፤ አየር ካልያዘ ደግሞ አያሞቅም። ያለዎት ሁለት ብርድ ልብስ ብቻ ከሆነ አንዱን አጥፈው ከሥር ያንጥፉት። የተሻለው 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ ከሌለ ሁለት ማዳበሪያ የገብስ ወይም የስንዴ ገለባ ሞልተው አፉን ይስፉና ከራስ እስከ እግር ይደርድሩት፤ ሲተኙበት አራት ጣት ያህል ውፍረት ከቀረው በቂ ነው። ገለባውን ከመሙላትዎ በፊት አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ አለዚያ ቁንጫ ይዘው ይገባሉ። ከላይ ለመደረብ የመንዝ የበግ ፀጉር ባና ወይም ዝተት የሚያህል የለም፤ ቢርስ እንኳ ሙቀት አይከለክልም። ይከብዳል፤ ግን በመኪና እስከመጡ ድረስ ምን ቸገረዎት?

ቀን ያላበዎትን ካናቴራና ካልሲ ለብሰው አይተኙ፤ ላቡ ሌሊት ይቀዘቅዛል። አንድ ሙሉ ቅያሪ ለመኝታ ብቻ ይለዩ፣ የሹራብ ቆብም ያድርጉ። ከመተኛትዎ በፊት ጠገብ ብለው ይብሉ፤ ሽንትዎም ቢመጣ «ይንጋና» ብለው አይያዙ። የደብረ ብርሃን አረቄ ያሞቃል የሚባለው ደግሞ ለጊዜው ነው፤ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ሙቀት ይሰማዎታል፣ ያው ሙቀት ግን ከገላዎ እየወጣ ነው። መጠጣት ካማረዎት ገና እሳቱ ዳር ሳሉ ይሁን፤ ለመኝታ ተብሎ አይጠጣም።

ሙቅ ውኃ በዕቃ ይዞ መተኛት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የፈላ ውኃ ሃይላንድ ውስጥ አይጨምሩ። ፕላስቲኩ ተኮማትሮ ክዳኑ ሊያፈስ ይችላል፤ እርጥብ ፍራሽ ደግሞ ከባዶ መሬት የባሰ ነው። የጎማ ከረጢቱን ወይም አጥብቆ የሚገጥም የብረት ኮዳ በካልሲ ጠቅልለው ይያዙ።

ድንኳናችን ሰፊ ነው። ከሰሉ ፍም እስኪሆን ውጭ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ብናስገባውስ?

በፍጹም። የሚገድለው ጭሱ አይደለም፤ ፍሙ የሚያወጣው ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ እሱ ደግሞ ጭሱ ካለቀም በኋላ መውጣቱን አያቆምም። የተዘጋ ድንኳን ደግሞ አየር እንደልብ ስለማይገባበት ከቤት ይብሳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ከተሰማችሁ ሁላችሁም ወዲያው ውጡ፤ የተኛውንም ጎትታችሁ አውጡና ሐኪም ዘንድ አድርሱ። እርጎም፣ ሎሚም፣ ቡናም መድኃኒቱ አይደለም። ቡታጋዝም ሆነ ጄነሬተር እንደዚሁ ድንኳን ውስጥ አይገባም።

አዲስ የገዛነው ድንኳን ዝናብ በሌለበት ጠዋት ጣሪያው ያንጠባጥባል። ያፈሳል ማለት ነው?

ላያፈስ ይችላል። የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ነው፤ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ሲያርፍ ውኃ ይሆናል። በብርዱ ምክንያት መስኮቱን ሁሉ ስለምትዘጉት ይብስበታል። ከላይ ያለውን መተንፈሻ ክፈቱት፤ የውጪው ሸራ የውስጡን እንዳይነካም አውታሩን ወጥሩ። የታጠበ ካልሲ ውስጥ አትስቀሉ። በእርግጥ የሚያፈስ መሆኑን ለማወቅ ከመሄዳችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ተክላችሁ አንድ ጀሪካን ውኃ አፍስሱበት፤ የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ በስፌቱ በኩል ነው።

ቦታ ስትመርጡ ደልዳላ ቢሆንም ጎድጓዳውን ተዉት፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ከዳገቱ ጥቂት ከፍ ብላችሁ፣ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ። ባሕር ዛፍ ሥር አትትከሉ፤ ቅርንጫፉ በጠራ ቀንም ሳይታሰብ ይወድቃል። ከሥር የምታነጥፉት ላስቲክ ከድንኳኑ ወለል በአራቱም በኩል አንድ ስንዝር ያህል ይነስ፤ ተርፎ ከወጣ ከሸራው የሚወርደውን ውኃ ተቀብሎ ከሥራችሁ ያስገባዋል። ካስማውን አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርጋችሁ ምቱት፤ ቀጥ ብሎ የተመታ ካስማ ሌሊት ነፋስ ሲመጣ ይነቀላል።

ማሲንቆና ከበሮ ይዘን እንመጣለን። ማታ ላይ ድምፁ ይሞታል፤ ምን እናድርግ?

ቁርበት እርጥበት ሲያገኝ ይላላል። በዚያ ከፍታ ፀሐይ እንደጠለቀች ጤዛ መውረድ ስለሚጀምር ማሲንቆውም ከበሮውም ድምፁ መታፈኑ አይቀርም። ከበሮውን ከመጫወት በፊት ከእሳት አንድ ሜትር ያህል አርቃችሁ እያዟዟራችሁ አሙቁት። ከተጠጋ ቁርበቱ በአንድ ወገን ብቻ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ፍም ላይ ደቅኖ «ቶሎ ይሙቅ» የሚል ጎበዝ አይጠፋም፣ አሳልፋችሁ አትስጡት። የማሲንቆውን የፈረስ ጭራ ስትጨርሱ አላሉት፤ እንደተወጠረ ካደረ ጠዋት ፀሐዩ ቁርበቱን ሲያጠብቀው ወይ ጭራው ይበጠሳል ወይ ብርኩማው ይወድቃል። ዕጣን መያዝ አትርሱ፤ ጤዛ የነካው ደጋን ያንሸራትታል እንጂ አያዜምም።

ዋሽንት ካለ መጀመሪያ እሱን በትንፋሽ አሙቁት። ብርድ ላይ ድምፁ ዝቅ ስለሚል ክራሩን በቀዝቃዛ ዋሽንት ከቃኛችሁት ሁለተኛው ዘፈን ላይ ትለያያላችሁ።

ለሠዓሊዎችም አንድ ነገር፦ አክሪሊክ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሣሉ፤ ሸራውን ማታ ወደ ውስጥ አስገቡት። ሥራችሁን ለመስቀል ጥዱ ላይ ሚስማር አትምቱ። ገመድ እሰሩ፤ ገመዱ ልጡን እንዳይቆርጠውም የማዳበሪያ ቁራጭ አጥፋችሁ ከሥሩ አድርጉ።

ለድምፅ ማጉያና ለመብራት 2,500 ዋት ጄነሬተር ልንከራይ ነው። ይበቃል?

የተጻፈበት 2,500 ዋት የባሕር ጠለል ላይ ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ሞተሩ አቅም ያጣል፤ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል። 3,000 ሜትር ላይ 1,600 ዋት አካባቢ ይቀራችኋል። የሁሉንም ዕቃ ዋት ደምሩና ከ1,200 እንዳያልፍ አድርጉ፤ የተረፈው ዕቃው ሲነሣ ለሚስበው ይሆናል። ጥቁር ጭስ ካወጣና ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ከጠቆረ ነዳጁ ለሳሳው አየር በዝቶበታል ማለት ነው፤ የካርቡሬተሩን ማስተካከያ አከራዩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከድንኳኖቹ ቢያንስ 20 ሜትር ርቆ፣ ነፋሱ ወደማይመልስበት ወገን ይቀመጥ። ቤንዚን የሚጨመረው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ስልካችሁን ደግሞ ሌሊት ብርድ ልብሳችሁ ውስጥ አሳድሩት፤ ባትሪ በብርድ አቅሙ ይወርዳል።

ለ40 ሰው የጋራ ወጥ ቤት እንድመራ ተመድቤያለሁ። ምን ልግዛ? ስንት?

መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ የእድር ዕቃ ነው። የሰፈርሽን እድር ድንኳን፣ ብረት ድስትና ጭልፋ በስምሽ ተዋሺ፤ ከኪራይ ይረክሳል፣ ለ40 ሰውም የሚበቃው እሱ ነው። ዕቃውን ስትቀበይ ቆጥረሽ ፈርሚ።

ከዚያ የምግቡን ዓይነት ከፍታው ይወስንልሻል። 3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ክክ «ፈላ» እየተባለ ሳይበስል ይውላል። ክኩን ሌሊቱን ዘፍዝፊው ወይም ፕሬዠር ድስት ያዢ። ሽሮ ይህ ጣጣ የለበትም፤ አንድ ኪሎ ለ15 ሰው ብትይ ቀዝቃዛ አየር ላይ ለዋለ ሰው አያሳፍርሽም። እንጀራው በሰው በማዕድ ሁለት ይሁን። በዚያ ብርድ ሦስት ቀን ሳይሻግት ይቆያል፤ ከፕላስቲክ ከረጢት ይልቅ መሶብ ወይም ጨርቅ ይሻለዋል፣ ፕላስቲክ ያልበዋል። የተረፈውን አትጣይው፣ ድርቆሽ ይሆናል። ለቁርስ በሶና ሻይ፣ ለፈረቃ ሠራተኛ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይኑር፤ እሳት ሳይነድ የሚበላ ነገር የሌለው ወጥ ቤት ጠዋት ጠዋት ይሰደባል።

ረቡዕና ዓርብ የጾም መሆኑን ታውቂዋለሽ፤ ግን ጾመ ነነዌን በካላንደሩ እዪ፤ ዓመቱ ሲቀድም ጥር 17 ላይ ይገባል። የፍስክና የጾም ጭልፋ ለይተሽ ምልክት አድርጊበት። እንጨት ከደኑ አይቆረጥም፤ የወደቀም ቢሆን የደኑን ጠባቂዎች ሳትጠይቁ አታንሡ። ባሕር ዛፍ ከገበያ ገዝታችሁ ጫኑ፣ ወይም በቡታጋዝ አብስሉ። በምድጃው ዙሪያ ሦስት ሜትር ደረቅ ሣርና ቅጠል ይጠረግ፤ በተለይ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ በበዛበት እሳት አታንድዱ፣ በቶሎ ይያያዛል። ስታጠፉ ውኃ አፍሱበት፣ አማስሉት፣ ደግማችሁ አፍሱበት፤ በእጅ ሲዳሰስ ሙቀት ከሌለው ጠፍቷል።

ምንጭ አለ ተብለናል። ውኃ መሸከም ያስፈልጋል? ሽንት ቤቱስ?

የምንጩን ውኃ አፍልታችሁ ጠጡት፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። የምታክሙት በውኃ አጋር፣ በጠርሙስ በሚሸጠው የውኃ ማከሚያ፣ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ተከተሉና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር አስቡ፤ ማለትም አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ለአራት ሰው አንድ ቀን ነው።

ሽንት ቤት ከምንጩና ከጅረቱ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ ከምንጩም በታች ይቆፈር። የቆፈራችሁትን አፈር ከጎኑ ከምሩት፤ የተጠቀመ ሁሉ አንድ ጣሳ አፈር ወይም አመድ ይድፋበት፣ ሽታውንም ዝንቡንም የሚከለክለው እሱ ነው። ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና መውጫው ላይ ይቀመጥ። መንገዱን ቀን ጥረጉት፤ ማታ ባትሪ ሳይዝ የወጣ ሰው ሳማ ውስጥ ቁጭ ይላል።

ዘፋኝም ሠዓሊም አይደለሁም። ባዶ እጄን ሄጄ ልታዘብ?

እንዲያውም የሚፈለጉት እርስዎ ነዎት። እንዲህ ያለ ሰፈር የሚቸገረው በዘፋኝ ሳይሆን በውኃ ቀጂ ነው። ሲመዘገቡ «የተገኘውን እሠራለሁ» አይበሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው የትም ሳይመደብ ይቀራል። «ቅዳሜ ሌሊት ከ6 እስከ 9 ሰዓት ዘብ እቆማለሁ» ብለው ሰዓቱን ይጥቀሱ። ዘብ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው፤ ሥራውም እሳት መጠበቅ፣ የጠፋ ሰው መምራትና ጄነሬተሩን ማየት ነው። ከሁሉም በላይ ሰው የሚጠፋው በማፍረሻው ቀን ነው፤ ለዚያ ቀን አራት ሰዓት ቢሰጡ ስምዎ ይነሣል።

ጅብስ?

ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ለአጥንትና ለጥራጊው ነው። ምግብና ቆሻሻ ድንኳን ውስጥም ደጁም አታሳድሩ፤ ክዳን ባለው በርሜል ወይም መኪና ውስጥ ይሁን። ቀን ቀን ደግሞ ጦጣ ዳቦ ይሰርቃል። ጭላዳ ሣር በላ ነው፣ አትመግቡት፤ ልጆችም አይጠጉት።

ከሸዋ ሮቢት በአይሱዙ ዕቃ ጭነን እንወጣለን። መቼ ብንነሣ ይሻላል?

ጠዋት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ በአንድ መንገድ ከ1,500 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ራስ ምታት ቢሰማችሁ ውኃ ጠጡ፣ የመጀመሪያውን ቀን ከባድ ሸክም አታንሡ። ከደብረ ሲና እስከ ጣርማ በር ዋሻ ያለው ዳገት ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ በጉም ይሸፈናል፤ የጫነ መኪና በዚያ ሰዓት አይገኝበት። ስትመለሱም ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ እንጂ ፍሬን ላይ አትተኙ፤ ሲግል አይዝም። የመንገዱን ደኅንነት በዋዜማውና በዕለቱ ከመናኸሪያው አጣሩ፤ ቀበሌውና የደኑ ጥበቃ የፈቀዱበትን ደብዳቤም አንድ ቅጂ ሾፌሩ ይያዝ። ድንኳኑን ከላይ ጫኑት፤ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ነው።