አሮጌ ፖስት ካርድ መሰብሰብ ለጀመራችሁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሕንፃ ንድፍና በአሮጌ ቤቶች ጥገና ነው። ፖስት ካርድ መሰብሰብ የጀመርኩትም ከዚሁ ሥራ የተነሣ ነበር፤ የአንድ ቤት ሰገነት መጀመሪያ ምን ቅርጽ እንደነበረው የሚያሳይ ፕላን ከመዝገብ ቤት ሲጠፋ፣ መንገዱን ከነቤቱ ያሳየ አንድ አሮጌ ካርድ የብዙ ቀን ክርክር ይቋጫል። ዛሬ ከእናንተ መካከል የአዲስ አበባን፣ የሐረርን፣ የድሬዳዋንና የጎንደርን የድሮ ካርዶች በኢንተርኔት ገበያና በቸርችል ጎዳና ሱቆች የሚያፈላልጉ መኖራቸውን ሳይ ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ሥዕሉን ብቻ ዐይተው ይገዛሉ። ካርድ በጀርባው፣ በወረቀቱና በግርጌ ጽሑፉም ጭምር ይናገራልና፣ ልመክራችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ አነባበብ ነው።

በቅድሚያ ጠባብ ቦታ ምረጡ። የኢትዮጵያን ካርድ በሙሉ ልሰብስብ ብሎ የተነሣ ሰው ገንዘቡም ትዕግሥቱም ቶሎ ያልቃሉ፤ አንድ አደባባይ፣ አንድ ባቡር ጣቢያ ወይም አንድ ግንብ የመረጠ ግን ካርዶቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ስለሚችል በየጊዜው አዲስ ነገር ያገኛል። የእኔ ምርጫ አራዳ ጊዮርጊስና ከአጠገቡ ያለው አደባባይ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ ነው፤ ጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ነቅለው ቀበሩት፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ተተከለ። ስለዚህ ሐውልቱ የሚታይበት ካርድ ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ የተነሣ መሆኑ አያጠራጥርም። አስቸጋሪው ቦታው ባዶ ሆኖ የሚታይበት ካርድ ነው፤ ወይ ከ1923 ዓ.ም. በፊት የተነሣ፣ ወይ የወረራው ዘመን ነው። ያን ጊዜ በመንገዱ ላይ የሚሄዱትን መኪናዎች፣ የወታደሮቹን ልብስ፣ የመብራት ምሰሶዎቹን፣ የግርጌ ጽሑፉን ቋንቋና የወረቀቱን ዓይነት አንድ በአንድ መመርመር ያስፈልጋል፤ በጀርባው ላይ ፌራኒያ የሚለው የጣልያን የፎቶ ወረቀት ፋብሪካ ስም ከተገኘ ደግሞ ሚዛኑ ወደ ወረራው ዘመን ያጋድላል። እንዲህ ያለ ምርመራ አንድ ምሽት ቢወስድባችሁ አትዘኑ፤ ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ እሱ ነው።

የእኛ ሐውልቶች ካርድ አንዳንዴ የሚገኘው በሮም ስም ነው። ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ወደ ሮም ተወስዶ እስከ 1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ እዚያው ቆይቷል። የአክሱም ሐውልትም በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ሮም ላይ ተተክሎ፣ ወደ ሀገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ በቀድሞ ቦታው ቆሞ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነው። በእነዚያ ረጅም ዓመታት የሮምን ካርድ የሚያሳትሙ ሰዎች ሐውልቱን ከከተማቸው ጌጦች እንደ አንዱ ቆጥረው ሲያትሙት ኖሩ። አክሱምን የመረጠ ሰብሳቢ የሮምን ካርዶች የሚሸጡትንም ሰዎች ሣጥን ማገላበጥ አለበት።

ቀጥሎ ካርዱን ገልብጡት። በመጀመሪያ ዘመን ጀርባው ለአድራሻ ብቻ የተተወ ስለነበረ ላኪው መልእክቱን በሥዕሉ ጠርዝ ላይ አጣቦ ይጽፍ ነበር። ጀርባውን በመስመር ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለመልእክት መስጠት በእንግሊዝ በ1902፣ በፈረንሳይ በ1904 ገደማ፣ በጀርመን በ1905 እ.ኤ.አ. ስለተፈቀደ፣ መስመር የሌለው ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ የቀደመ ካርድ ምልክት ነው። ከዚያ ቴምብሩን ተመልከቱ። የሀገራችን የፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. በዐዋጅ ቢመሠረትም፣ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆንነው በ1901 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ ከምኒልክ ቴምብር ሌላ በጅቡቲ በኩል ለማለፍ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ቴምብር ያስፈልገው ነበር። ሁለቱንም የያዘ ካርድ የገጠማችሁ እንደ ሆነ ቴምብሩን ለብቻው ለማውጣት በውኃ የሚነክሩትን ሰዎች አትስሟቸው፤ ቴምብሩ፣ ማኅተሙና ካርዱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ምስክርነታቸው የሚጸናው።

ማኅተሙ ካርዱ የተላከበትን ቀን ይነግራችኋል፤ ፎቶው የተነሣበት ቀን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ነጋዴ ያሳተመውን ካርድ እስኪያልቅ ድረስ ለዓመታት ስለሚሸጥ፣ አንድ ሰው ዐሥር ዓመት ያለፈውን የከተማ ገጽታ ‹‹ይኸው ያለሁበት›› ብሎ ሊልክ ይችላል። የዘመን አቆጣጠሩም ነገር አለ፤ የኛና የፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለያዩ፣ በማስታወሻችሁ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳትሉ ቁጥር ብቻ አትጻፉ። በሽያጭ ገጾች ላይ የማያቸው ብዙ የተሳሳቱ ዓመታት ከዚህ ቸልተኝነት የመጡ ይመስሉኛል።

የጥንቶቹ ካርዶች ለምን በድሬዳዋና በጅቡቲ አሳታሚዎች ስም እንደሚበዙ ትጠይቁ ይሆናል። ምክንያቱ ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ተጓዡም፣ ዕቃውም፣ ፖስታውም ድሬዳዋ ላይ ይገናኙ ስለነበረ ካርድ ለመሸጥ ከዚያ የተሻለ ገበያ አልነበረም። አራቢያንትዝ የሚባለውን የድሬዳዋ አሳታሚ ስም በብዙ ካርዶች ግርጌ ታገኙታላችሁ። በአዲስ አበባ ደግሞ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሙያውን የወረሱት ልጆቹ የዘመኑን መልክ አቆይተውልናል። ካርዶቹ በአብዛኛው የተላኩት ወደ አውሮፓ ስለሆነ፣ ዛሬም የሚገኙት በፈረንሳይና በጣልያን ቤተሰቦች ሣጥን ውስጥ ነው፤ በዚያ የምትኖሩ ልጆቻችን ቅዳሜና እሑድ በሚቆሙት የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ከእኛ የተሻለ ዕድል አላችሁ።

የግርጌ ጽሑፉን ግን አትመኑት። አንዱ ከተማ በሌላው ስም፣ ወንዙ በተሳሳተ ስም መታተሙ የተለመደ ነው፤ የሰዎች ምስል ባለባቸው ካርዶች ላይ ደግሞ ክብርን የሚነካ ቃል ብዙ አለ። የወረራው ዘመን ካርዶችም መንገድና ሕንፃ ሲያሳዩ ገዢው የሠራውን ለማወደስ የታተሙ በመሆናቸው፣ ከሥዕሉ ውጭ የቀረውን ጭምር እያሰባችሁ ተመልከቷቸው። አንዳንዶች እነዚህን ካርዶች ቀዶ መጣል የሀገር ፍቅር ይመስላቸዋል፤ እኔ አልስማማም፣ ምክንያቱም ከጠፉ ሐውልቱ የተነሣበትን ባዶ ቦታ የሚያሳየን ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።

ስለ አታላዮች በአጭሩ ልንገራችሁ። ትንሽ አጉሊ መነጽር ያዙ፤ በማሽን የታተመ ሥዕል ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ሆኖ ሲታይ፣ እውነተኛ የፎቶ ወረቀት ላይ ያለው ግን ነጥብ የለውም። የጥንቶቹ ካርዶች 9 በ14 ሳንቲሜትር ገደማ ናቸው፤ 10.5 በ15 የሆነ ‹‹የምኒልክ ዘመን ካርድ›› ሲያቀርቡላችሁ ቆም ብላችሁ ጠይቁ። በአልትራቫዮሌት መብራት ስታዩት በነጭ ሰማያዊ የሚያበራ ወረቀት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ ስለሆነ፣ በ1900ዎቹ ታተመ የሚባለው ነገር ውሸት ነው።

አሮጌ ካርድ ውድ ነው ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም.፣ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የሀገሪቱን ቱሪዝም ባደራጁባቸውና ‹‹የዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ›› የሚለው መፈክር ዓለም በዞረባቸው ዓመታት የታተሙት ባለ ቀለም ካርዶች ዋጋቸው አነስተኛ ነው፤ ትልልቅ ሰብሳቢዎችም ይንቋቸዋል። እኔ አልንቃቸውም። አብዛኛው ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫ ከመዞሩ በፊት ጢስ ዓባይ በሙሉ ስፋቱ ሲወርድ የሚታየው በእነሱ ላይ ነው፤ የላሊበላዎቹ ቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ ማርያም ዛሬ ያለባቸው ትልቅ ዳስ ሳይሠራ፣ ሰማይ ከላያቸው ተገልጦ የሚታዩትም በእነዚሁ ካርዶች ነው። ቅርስ የሚጠግን ሰው የድንጋዩን ስንጥቅ ያኔና አሁን ለማነጻጸር ባለ ቀለሙን ካርድ ከጥንቱ ባልተናነሰ ይፈልገዋል።

አጠባበቁ ቀላል ነው። ሙጫ፣ ፕላስተርና ላሜኔሽን አታስነኩት፤ ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ሥዕሉን ስለሚያበላሽ የፖሊፕሮፒሊን ከረጢት ፈልጉ። ካርዱ ላይ መጻፍ ካስፈለገ በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው ጠርዝ ላይ ብቻ ይሁን። ሁለቱንም ገጽ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ (600 dpi) ስካን አድርጉ፤ ጀርባውን ሳያነሳ የተወ ሰው ግማሹን ጥሏል። ቅጂውንም ስድስት ኪሎ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለማካፈል አትሰስቱ፤ ተመራማሪዎች በእጃችሁ ያለውን ሊያውቁ የሚችሉት በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

በመጨረሻም ካርዱን ይዛችሁ ቦታው ድረስ ሂዱ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ስለፈረሱ፣ ዛሬ የምታገኙት መነሻ ነጥብ ነገ ላይኖር ይችላል። ፎቶ አንሺው የቆመበትን ቦታ ለማግኘት ከሥዕሉ ውስጥ በተለያየ ርቀት ያሉ ሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮችን ምረጡ፤ ለምሳሌ የጊዮርጊስን ጉልላትና የእንጦጦን አንድ ጫፍ፤ በካርዱ ላይ እንዳሉት ተደራርበው እስኪታዩ ድረስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተንቀሳቀሱ። ስፍራውን ስታገኙ አዲስ ፎቶ አንሡ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆማችሁበትን ቦታ ጻፉ፤ ከአካባቢው አዛውንት አንዱን ጠርታችሁም ካርዱን አሳዩአቸውና የሚሉትን መዝግቡ።