አማቴ ጾመኛ፣ እኛ የማንጾም፤ ድስት ልለይ?

«አማቴ ለፍልሰታ ሐዋሳ እኛ ጋ ሊሰነብቱ መጥተዋል። እኔና ባለቤቴ ጴንጤ ነን። ድስት ብለይላቸው እምነቴን መካድ አይሆንብኝም?» ላልሽው፦

አይሆንም፤ ለዪላቸው። ሮሜ 14ን አንብቢው። የሚበላ የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላም በሚበላው አይፍረድ ይላል። ምዕራፉ የተጻፈው ላንቺ ወጥ ቤት ይመስላል።

1. አንድ ድስት፣ አንድ ማማሰያና አንድ መክተፊያ ለጾም ብቻ ይሁን። ቅቤ የነካው ማማሰያ ሽሮው ውስጥ ከገባ አለቀ፤ አይበሉልሽም።

2. በሥራ ቀን የፍልሰታ ቅዳሴ የሚያልቀው ከሰዓት ነው። ምሳ ሰባት ሰዓት ላይ አቅርበሽ «ለምን አልበሉም?» አትበይ። ከገብርኤል ሲመለሱ ትኩስ ነገር ይጠብቃቸው።

3. ሥጋው እስከ ነሐሴ 15 ቢቆይስ? ግዴታ የለብሽም። እኔ ብሆን ግን ቤት ውስጥ አላስጠብስም። ካማራችሁ ውጭ ብሉ።

ዓሣን በተመለከተ፣ የሐዋሳ ሰው ስለሆንሽ አሞራ ገደል ሄደሽ ልታመጪላቸው ይዳዳሽ ይሆናል። መጀመሪያ ጠይቂያቸው። በጾም ዓሣ የሚበላም፣ ጨርሶ የማይነካም አለ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኔ እናቴ ቤቴ በመጡ ጊዜ ሁሉንም አሟልቼ፣ ማዕድ ላይ ስለ ጾም ክርክር ከፈትኩ። ጥቅስ በጥቅስ ሆንን። እናቴ እጃቸውን ታጥበው ተነሡ፤ በማግስቱም ሻንጣቸውን አዘጋጁ። ከጠየቁሽ መልሺ፤ ካልጠየቁሽ እንጀራውን አቅርቢ። ጸሎቱን ደግሞ እሳቸው ይጀምሩት፣ «አቡነ ዘበሰማያት» አንቺም ታውቂዋለሽ።