«ፍጥነቱ 20 ሜጋ ነው፤ ግንኙነቱ ግን ይዘገያል፣ ይቋረጣልም» ለሚለው ጥያቄ

ውድ እኅታችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ሐዋሳ ቅርንጫፍ ሆነው አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ወዳለው ኮምፒውተር በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የተቆለፈ የግል መሥመር) እና በሪሞት ዴስክቶፕ (የሩቁን ኮምፒውተር ስክሪን ከፊትዎ አምጥቶ በሚያሠራ ፕሮግራም) እየገቡ በፒችትሪ ሒሳብ እንደሚሠሩ፣ ጠዋት ጠዋት ሥራው ደኅና እንደሚሄድልዎ፣ ከሰዓት በኋላ ግን የጻፉት ቁጥር ስክሪኑ ላይ ዘግይቶ እንደሚታይ፣ ከምሳ ሲመለሱም ግንኙነቱን ተቋርጦ እንደሚያገኙት ገልጸዋል። የኢንተርኔቱ ፍጥነት ሲለካ 20 ሜጋ ስለሚያሳይ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው ተብሎ አዲስ ሊገዛ መታሰቡንም ጽፈዋል። ቅርንጫፎችን ከዋና መሥሪያ ቤት ጋር በሚያገናኝ ኔትወርክ ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ፣ ግዢው ለጥቂት ቀናት እንዲቆይ አጥብቄ እመክራለሁ። እርስዎ የገለጹት አንድ ችግር ሳይሆን ሁለት ችግሮች ናቸው። መዘግየትና መቋረጥ መንሥኤያቸውም መፍትሔያቸውም ይለያያል፤ አንድ ላይ ተጨፍልቀው ሲታዩ ግን ሰው ያገኘውን ሁሉ ይነካካል፣ ከዚያም የትኛው እንደጠቀመና የትኛው እንደጎዳ መለየት ያቅተዋል።

ከመዘግየቱ ልጀምር። 20 ሜጋ የሚለው ቁጥር በአንድ ሰከንድ ምን ያህል መረጃ እንደሚወርድ እንጂ፣ አንድ ፊደል ሲነኩ ምልክቱ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አይናገርም። ሪሞት ዴስክቶፕ ለሒሳብ ሥራ የሚፈልገው የመረጃ መጠን ትንሽ ነው፤ የሚጎዳው የደርሶ መልሱ ጊዜ ሲረዝም ነው። ይህን የሚለካው ፒንግ የተባለው ትእዛዝ ሲሆን፣ ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተው ከአድራሻው ቀጥሎ ሰረዝና «ቲ» ፊደል ቢጨምሩበት እስኪያስቆሙት ድረስ ይለካል። ሦስት መስኮቶች ጎን ለጎን ይክፈቱ፤ አንዱ የራስዎን ቢሮ ራውተር (ቢሮውን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘውን መሣሪያ)፣ ሁለተኛው የዋናውን መሥሪያ ቤት ራውተር የውጭ አድራሻ፣ ሦስተኛው በቪፒኤኑ ውስጥ የሚገቡበትን ኮምፒውተር ይለካ። ሥራዎን እየሠሩ ይተዉአቸው፤ መዘግየቱ ሲጀምር የትኛው መስኮት ቀድሞ እንደሚናወጥ ይመልከቱ። የመጀመሪያው ከተናወጠ ችግሩ ከእርስዎ ክፍል አልወጣም፤ በአብዛኛው ዋይፋይ ነው፣ ኮምፒውተሩን በኬብል ማገናኘት ብቻውን ይፈታዋል። ሁለተኛው ደኅና ሆኖ ሦስተኛው ብቻ ከዘገየ ደግሞ ወደ ቪፒኤኑ ወይም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የውስጥ ኔትወርክ መዞር ነው።

ቁጥሩን ለመመዘን ይህን ይያዙ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ የደርሶ መልሱ ጉዞ ራሱ ሦስት ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሦስት ሺኛ) እንኳ አይሞላም። ፋይበሩ ስለሚዞርና በመንገድ ላይ ያሉት መሣሪያዎችም የየራሳቸውን ጊዜ ስለሚጨምሩ 15 ወይም 20 ቢያዩ ምንም አይደለም፤ 300 ካዩ ግን ርቀቱ ሊያስረዳው አይችልምና ወይ ምልክቱ ወረፋ ይዞ ቆሟል፣ ወይ በሌላ አገር ዞሮ እየመጣ ነው።

ወረፋው እንዴት እንደሚፈጠር በዓይኔ ያየሁትን ላካፍል። አንድ ቅርንጫፍ በየቀኑ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ሥራው ይንቀራፈፍበት ነበር። ከገንዘብ ያዡ አጠገብ ተቀምጬ ፒንጉን ስከታተል 18 ሚሊሰከንድ የነበረው በድንገት ወደ 700 ዘለለ፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ መልሶ 18 ሆነ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ዘለለ። ዞር ብዬ ስጠይቅ የሽያጭ ሠራተኞች ከመስክ ተመልሰው የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ በቢሮው ዋይፋይ በቴሌግራም ይልኩ ነበር። የብዙ መሥመሮች የመላኪያ አቅም ከመቀበያው በጣም ያነሰ ነው፤ ቪዲዮው ራውተሩ ላይ ወረፋውን ሲሞላው፣ የገንዘብ ያዡ አንዲት ቁልፍ ከዚያ ሁሉ ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ጀርባ ተሰልፋ ትጠብቃለች። የፍጥነት መለኪያው 20 ሜጋ ማለቱን የቀጠለው መቀበያውን በትልቁ ስለሚያሳይ ነው። ያን ጊዜ የረዳን ራውተሩ ውስጥ ኪው ኦ ኤስ በተባለው፣ ለየሥራው ቅድሚያ በሚደለድለው ክፍል የስልኮቹን የመላኪያ ፍጥነት መገደብና ለሪሞት ዴስክቶፕ ቅድሚያ መስጠት ነበር፤ ለመሣሪያ ምንም አልተከፈለም። የእርስዎም ችግር ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚታይ በመሆኑ፣ በቅድሚያ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው።

በሌላ አገር ዞሮ መምጣትም ብርቅ አይደለም። አንድ ድርጅት ሁለት ቢሮዎቹን ያገናኘው ፍራንክፈርት ላይ በተከራየው የቪፒኤን ሰርቨር በኩል ነበር። ሁለቱም ቢሮዎች አገር ውስጥ ሆነው ሳለ፣ እያንዳንዷ ቁልፍ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ጀርመን ደርሳ ያንኑ ያህል ተመልሳ ነበር ጎረቤት ከተማ የምትገባው፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ፒንጉ ከ300 በላይ ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ወለል ላይ የተዘረጉ ገመዶች ሲጎዱ፣ ወደ አውሮፓ የሚሄደው መሥመር በመጨናነቁ ሥራው ጨርሶ የማይቻል ሆነ። ቪፒኤኑን ዋናው መሥሪያ ቤት ባለው ራውተር ላይ አድርገን ቋሚ የአይፒ (የኢንተርኔት) አድራሻ ስናስገባለት፣ ምልክቱ ከአገር መውጣቱ ቀረ። እርስዎም የእናንተ ቪፒኤን ሰርቨር የት እንደሚገኝ ባለሙያችሁን ይጠይቁ። ትሬስ ራውት በሚባለው ትእዛዝ መንገዱን ራስዎም ማየት ይችላሉ፤ መሐል ላይ ያለ አንድ መሣሪያ መልስ ባይሰጥ ግን አይደንግጡ፣ ብዙ መሣሪያዎች ለፒንግ እንዳይመልሱ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸውና የመጨረሻው መድረሻ መልስ እስከሰጠ ድረስ ችግር የለውም።

አሁን ወደ መቋረጡ እንምጣ። እዚህ ላይ ከምንም በላይ የሚጠቅመው ሰዓት መመዝገብ ነው። አንድ ደብተር አጠገብዎ ያስቀምጡና በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱን፣ በዚያች ቅጽበት እየሠሩ ወይስ ትተውት እንደነበር፣ ሌላ ባልደረባም ተቋርጦበት እንደሆነ ይጻፉ። ለሦስት ቀን ብቻ ያድርጉት።

ሲሠሩ የማይቋረጥና ትተውት ሲነሡ ሁልጊዜ የሚቋረጥ ከሆነ፣ የሆነ ቦታ የሚቆጥር ሰዓት አለ ማለት ነው። ራውተርና ፋየርዎል (የኔትወርኩ በር ጠባቂ) እያንዳንዱን ግንኙነት በሠንጠረዥ ይይዙታል፤ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ምንም ካልተላለፈበት ሰው የሌለበት መስሏቸው ይሰርዙታል። ዊንዶውስም ሊኑክስም ግንኙነቱ በሕይወት መኖሩን በራሳቸው የሚጠይቁት በተለመደው ቅንብር ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ሠንጠረዡ ከዚያ በፊት ይጸዳል። መድኃኒቱ ዋናው መሥሪያ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ፣ ግሩፕ ፖሊሲ በተባለው የዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ ሪሞት ዴስክቶፕን በሚመለከተው ክፍል «ኪፕ አላይቭ» የሚለውን (ግንኙነቱ እንዳይሰረዝ በየጊዜው ትንሽ ምልክት የሚልከውን) አብርቶ አንድ ደቂቃ ላይ ማድረግ ነው። ሊኑክስ ሰርቨር በኤስኤስኤች (ከርቀት በጽሑፍ ትእዛዝ በሚያሠራ መንገድ) የምትጠቀሙ የቡድናችን አባላትም «ሰርቨር አላይቭ ኢንተርቫል» የሚለውን 60 ብታደርጉት ያው ውጤት ይገኛል፤ ረጅም ሥራ ስትጀምሩ ደግሞ ግንኙነቱ ቢጠፋም ሥራው እንዳይጠፋ ቲመክስ በተባለው፣ ሥራውን ሰርቨሩ ላይ በሚያቆይ ፕሮግራም ውስጥ ጀምሩት። የምሳው ሰዓት መቋረጥ በኪፕ አላይቭ ካልተፈታ፣ ያ ኮምፒውተር ራሱ ስሊፕ ውስጥ እየገባ እንዳይሆን የኃይል ቅንብሩን ይዩት።

እየሠሩ ሳለ የሚቋረጥ ከሆነ የኮምፒውተሩን መዝገብ ማንበብ ያስፈልጋል። ኢቬንት ቪወር በተባለው የዊንዶውስ መዝገብ ማሳያ ውስጥ «ሎካል ሴሽን ማኔጀር» በሚለው ሥር ቁጥር 40 የሆነውን መዝገብ ሲከፍቱ፣ የተቋረጠበት ምክንያት በኮድ ተጽፏል። ኮዱ 5 ከሆነ ቦታዎን ሌላ ግንኙነት ወስዶታል ማለት ነው። ይህን ሳላነብ ሦስት ቀን ሙሉ ኬብል ስፈትሽና ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል እርስ በርስ የሚያገናኝ መሣሪያ) ስቀያይር የቆየሁበት ጊዜ አለ፤ ለካስ የማታ ተረኛው ሠራተኛ ከቤቱ በዚያው የተጠቃሚ ስም እየገባ ቀን የምትሠራዋን ያስወጣት ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስም ይሰጠው፤ ሰርቨር ያልሆነ ዊንዶውስ ደግሞ ስሙ ቢለያይም በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አያስተናግድም።

ሁላችሁም በአንድ ደቂቃ የምትቋረጡ ከሆነ መብራቱን አስቡ። አንድ ቦታ ሰርቨሩም ራውተሩም በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ነበሩ፤ በኮሪደሩ ጣሪያ ሥር የተሰቀለችው ባለ ስምንት ቀዳዳ ስዊች ግን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ተሰክታ ነበር። መብራት ጠፍቶ ጄነሬተር እስኪነሣ ባሉት ሰከንዶች ሰርቨሩ ምንም ሳይሆን ግንኙነቱ ሁሉ ይበጠሳል፤ ሰርቨሩ ስላልጠፋ ማንም መብራቱን አልጠረጠረም። ገመዷን ወደ ዩፒኤሱ ስናዞረው ቅሬታው በዚያው ቀን ቆመ።

ሌላው ብዙ የማይታወቀው የፓኬት መጠን ነው። ይለፍ ቃሉ ተቀባይነት አግኝቶ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የሚቀር፣ ወይም ትልቅ ሪፖርት ሲከፍቱ የሚደርቅ ከሆነ ይህን ይጠርጥሩ። የተለመደው የኤተርኔት መጠን 1,500 ባይት ነው፤ በፒፒፒኦኢ (በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል ከአገልግሎት ሰጪው ጋር በሚያገናኝ ዘዴ) የሚገባ መሥመር 1,492 ብቻ ያሳልፋል፤ ቪፒኤኑም የራሱን መሸፈኛ ስለሚጨምር ይበልጥ ይቀንሳል። ፒንግን ፓኬቱ እንዳይከፋፈል ከልክሎ በ1,472 መጀመርና መልስ እስኪመጣ ድረስ እየቀነሱ መሞከር ነው፤ በተገኘው ቁጥር ላይ 28 ሲደመር መሥመሩ የሚችለው መጠን ይታወቃል፣ ባለሙያው ቪፒኤኑን በዚያ ልክ ያስተካክለዋል። ስክሪኑ ለሰከንዶች ደርቆ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ፣ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ሪሞት ዴስክቶፕ ዩዲፒን (መድረሱን ሳያረጋግጥ መረጃ የሚልክ ዘዴን) እንዳይጠቀም አድርጎ መሞከር ይገባል፤ በቪፒኤን ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ ሠርቶልኛል።

የስክሪን ቅንብሩ፣ ማለትም ቀለሙን ወደ 16 ቢት ዝቅ ማድረግና የጀርባ ሥዕሉን ማጥፋት፣ ጥቂት ያግዛል እንጂ ሥሩን አይነቅልም። አንዳንድ አባላት በአስተያየት «ቪፒኤኑን ትታችሁ የራውተሩን በር 3389 በቀጥታ ክፈቱት» ማለታቸውን፣ ማለትም ሪሞት ዴስክቶፕ የሚጠቀምበትን በር ለውጭ መክፈትን፣ ግን በጽኑ እቃወማለሁ። ያ በር ለኢንተርኔት ሲከፈት ይለፍ ቃል የሚገምቱ ፕሮግራሞች በሰዓታት ውስጥ ይደርሱበታል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ በቆዩ ዊንዶውሶች ላይ ሲገኝ ያለ ይለፍ ቃል ጭምር ማስገባት የሚችል ነበር። የድርጅቱ ሒሳብ ያለበት ኮምፒውተር ነውና እባክዎ አይሞክሩት።

የሦስቱን ቀን ማስታወሻ፣ መዘግየቱ ሲጀምር የሦስቱን መስኮቶች ፎቶ፣ እንዲሁም የመዝገብ 40 ኮዱን እዚሁ ቢልኩልኝ አብረን እናየዋለን። የመጀመሪያው መስኮት ደኅና ሆኖ ሁለተኛው ፓኬት እየጣለ (መልስ ሳይመጣለት እየቀረ) ካገኙት፣ ያንኑ ፎቶ ከነሰዓቱ ይዘው ለአገልግሎት ሰጪያችሁ ያመልክቱ።