ጥርስ ተነቅሎም ያልተወ የግማሽ ፊት ሕመም

እህቴ፣ ሦስተኛውን ጥርስ አታስነቅዪ። ሁለቱ ተነቅለው ሕመሙ ካልተወሽ፣ ፊትሽን ስትታጠቢ ወይም ንፋስ ሲነካሽ ቀኝ ጉንጭሽን እንደ ኤሌክትሪክ ለሰከንዶች የሚነዝርሽ ከሆነ፣ ነገሩ የጥርስ ሳይሆን የፊት ነርቭ ሕመም ይመስላል። ሐኪሞች ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንድ የደም ሥር ነርቩን መነሻው ላይ ሲጫነው ነው። «ብርድ መትቶሽ ነው» የሚሉሽን አትስሚ።

የነርቭ ሐኪም ጋ ሂጂ። እንደ ፓራሲታሞል ያሉ ማስታገሻዎች ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዱም። መጀመሪያ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ካርባማዜፒን ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው ቢሉሽ አትደንግጪ፣ የነርቩን ንዝረት ያበርዳል። ኤምአርአይ የሚባል የጭንቅላት ምስል ምርመራም ሊያዙልሽ ይችላሉ።

አንድ ነገር ግን ለይተሽ ንገሪያቸው። ሕመሙ አንድ ዓይንሽ ዙሪያ ሆኖ ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት የሚቆይ፣ ዓይንሽን የሚያስነባ፣ አፍንጫሽን የሚዘጋ ከሆነ፣ ክላስተር የሚባለው ራስ ምታት ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ሌላ ነው።

እስከዚያው ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፣ በማያምሽ በኩል አኝኪ፣ ስትወጪ ፊትሽን በነጠላ ከልዪ።

እናቴ ይኸው ሕመም ነበረባት። ሲሻላት መድኃኒቱን በራሷ አቆመች፤ ሳምንት ሳይሞላ ብሶ ተመለሰባት። ሐኪሙ ሳያውቅ አታቋርጪ። መድኃኒቱን ጀምረሽ ቆዳሽ ላይ ሽፍታ ካየሽ ግን ሳታድሪ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ።